የቮልስ ፍሬን ሲደክም፦ ጎሚኒ፣ አዲስ ሲሊንደር ወይስ ዲስክ?

የአሮጌ ቮልስ ፍሬን ሲደክም ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ጎሚኒ (በፍሬን ሲሊንደር ውስጥ ዘይቱን የሚያግደውን ጎማ) ቀይርበት፣ ይበቃዋል» ይላል። ሌላው ሲሊንደሮቹ በሙሉ ወጥተው አዲስ እንዲገቡ ያዛል። ሦስተኛው ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን፣ ፍሬኑ ከውስጥ የሚይዘውን ከበሮ) ጭራሽ ትቶ ፊት ላይ ዲስክ መግጠምን ይመክራል። ሦስቱም ልክ የሚሆኑበት መኪና አለ። ክፋቱ፣ ምክሩ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ታምቡሩ ሳይከፈት ነው።

የእኛን ሐሳብ ከመነሻው እንናገር። ለአብዛኛው የቮልስ ባለቤት ገንዘቡ አስቀድሞ መዋል ያለበት ለአራቱ የእግር ሲሊንደሮች (በየጎማው ታምቡር ውስጥ ላሉት)፣ ለአራቱ የጎማ ቱቦዎች (የፍሬን ዘይት ወደየእግሩ ለሚያደርሱት ተጣጣፊ ቱቦዎች) እና ለባለሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደር (የፔዳሉን ግፊት በዘይት ወደ እግሮቹ ለሚልከው) ነው። ዲስክ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ለብዙዎችም ጭራሽ ላይመጣ ይችላል።

መጀመሪያ መኪናውን መለየት

ቮልስ መልኩን ብዙም ሳይለውጥ ለአሥርት ዓመታት ስለተመረተ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ፍሬኑ ግን አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 አካባቢ የወጡት ማስተራቸው ባለአንድ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ የፊትና የኋላው ተለያይቶ ባለሁለት ሆነ። የቸርኬው ብሎንም በዚያው ሰሞን ከአምስት ወደ አራት ወረደ። የፊት እግሩ መጋጠሚያ (ጎማው በመሪ ሲዞር የሚዟዟርበት) እ.ኤ.አ. እስከ 1965 አጋማሽ ኪንግ ፒን ነው፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ቦል ጆይንት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የመጣው 1302 የተባለው ሞዴልና ተከታዩ 1303 ደግሞ የፊት ታምቡራቸው 248 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተለመደው ቮልስ 230 ነው።

ሊብሬው ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ ይዘው ዕቃ አይግዙ። አገራችን ያሉት ቮልሶች ከሌላ ቮልስ በተፈታ ዕቃ ለረጅም ጊዜ ሲጠገኑ የኖሩ ስለሆኑ፣ በአሮጌ አካል ላይ የኋለኛው ዘመን ታምቡር ሊገኝ ይችላል። ወደ ሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ) ከመውረድዎ በፊት የወጣውን ሲሊንደር በቬርኒየር ይለኩ፤ ከተቻለም ዕቃውን ራሱን ይዘው ይሂዱ። በተለመደው ቮልስ የፊቱ 22.2 ሚሊ ሜትር፣ የኋላው እንደ ዓመቱ 19.05 ወይም 17.46 ነው። የ1302ና የ1303 የፊት ሲሊንደር 23.8 ነው።

ልዩነቱ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው፤ ፍሬኑ ላይ ግን ኢምንት አይደለም። ግፊቱ የሚያርፈው በፒስተኑ ስፋት ላይ ስለሆነ፣ 19.05 በነበረበት የኋላ እግር 22.2 ቢገባ የኋላው ጉልበት በ36 በመቶ ያድጋል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ፍሬን ሲረገጥ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፤ መኪናውም በጀርባው ይዞራል። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከውጭ ሲታዩ ስለሚመሳሰሉ ይህ ስህተት በቀላሉ ይፈጸማል።

ፔዳሉ የሚናገረው

ዕቃ ከመምረጥ በፊት ፔዳሉን ያዳምጡ። የመጀመሪያው እርግጫ ወደ ታች ሄዶ ሁለተኛውና ሦስተኛው ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ ሸራው (ታምቡሩን እየተሻሸ የሚያቆመው ልባስ) ከታምቡሩ ርቋል፤ የሚያስፈልገው ማስተካከል ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምልክት ብቻ ስንት ጤነኛ ማስተር ወጥቶ ተጥሏል! ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለጠጥ ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። እግርዎን ጭነው ሲያቆዩት ቀስ እያለ የሚሰምጥና ከውጭ የሚታይ ፍሳሽ የሌለው ከሆነ የማስተሩ ጎሚኒ ከውስጥ ያሳልፋል።

ፍሬን የሚይዝ ግን የማይለቅ ከሆነ ምርመራው ሌላ ነው። የያዘውን ጎማ በክሪክ ያንሱና የአየር ማውጫውን ብሎን ይክፈቱ። ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ከተፈታ ግፊት ታፍኖ ነበር ማለት ነው። እንደገና ሲይዝ ደግሞ አሁን ማስተሩ ላይ ያለውን የቱቦ ዳዶ ይፍቱ። በዚህኛው ጎማው ካልተፈታ፣ ግን በአየር ማውጫው ከተፈታ፣ ጥፋተኛው በመሐል ያለው የጎማ ቱቦ ነው። ከውጭ ጤነኛ የሚመስል ቱቦ ከውስጥ አብጦ ዘይቱን ይዘጋዋል፤ የእግር ጉልበት አስገድዶ ያሳልፈዋል፣ የሸራው ሞላ ግን ሊመልሰው አይችልም። ቮልስ አራት የጎማ ቱቦ አለው። ዕድሜያቸው ካልታወቀ አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ነው፤ እዚህ ላይ ንጽጽር አያስፈልግም።

ጎሚኒ ወይስ አዲስ ሲሊንደር?

ጎሚኒ መቀየር ርካሽ ነው፤ የሚያዋጣው ግን የሲሊንደሩ ውስጥ ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። ፒስተኖቹን ያውጡ፣ ውስጡን በአልኮል ወይም በንጹሕ የፍሬን ዘይት ይጥረጉና ወደ ብርሃን አዙረው ይመልከቱ። ቤንዚንና ናፍጣ አይንካው፤ ጎሚኒውን ያሳብጡታል። ቡናማ ጥላ ብቻ ከሆነ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በፍሬን ዘይት አርሶ እያዞሩ ማሸት ይበቃል። ከዚያ ጥፍርዎን ከውስጥ ከወዲህ ወዲያ ያስኪዱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ያ ሲሊንደር በጎሚኒ አይድንም።

ጉድጓዱ የሚፈጠረው በተወሰነ ቦታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃው መኪናው ቆሞ በሚያድርበት ጊዜ ከጎሚኒው ከንፈር ሥር ተቀምጦ ብረቱን ይበላል። ሸራ አልቆ ስለነበር ፒስተኖቹ ርቀው ይሠሩ ነበር እንበል። አዲስ ሸራ ሲገባ ወደ መሐል ይመለሳሉ፤ አዲሱ ጎሚኒም በትክክል የዛገው ቦታ ላይ ያርፋል። «ሸራ ካስቀየርኩ በኋላ ማፍሰስ ጀመረ» የሚለው አቤቱታ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጉድጓዱን ለማጥፋት አብዝቶ መፋቅም መፍትሔ አይሆንም። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል 0.15 ሚሊ ሜትር መለኪያ የሚገባ ከሆነ ጎሚኒው በግፊት ወደ ክፍተቱ እየተጎተተ ይቀደዳል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቶርኖ ቤት ወስዶ ውስጡን አስፍቶ የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት እጅጌ ማስገባት። በደንብ ከተሠራ ዕድሜው ከአዲሱ ይበልጣል። ነገር ግን ለቮልስ የእግር ሲሊንደር አዲስ ዕቃ አሁንም ስለሚመረት፣ ይህ ድካም የሚገባው አዲስ ምትክ ለማይገኝለት ሌላ አሮጌ መኪና ነው።

ስለዚህ ጎሚኒ የምንመርጠው አንድ ሲሊንደር ብቻ ትንሽ ማርጠብ ሲጀምርና ግድግዳው እንደ መስታወት ለስላሳ ሲሆን ነው፤ ያኔም የግራውንና የቀኙን አብሮ። ከዚያ ውጭ አዲስ ሲሊንደር ይግዙ። የብረት ቱቦው ዳዶ 11 ቁጥር ነው። ዝገት ካለበት በተራ መፍቻ ሲታገሉት ጠርዙ ይበላል፤ ቱቦውም አብሮ ይጠመዘዛል። ከአንድ ቀን በፊት የዝገት ማላቀቂያ ይርጩበትና ዙሪያውን በሚይዝ የቱቦ መፍቻ ይፍቱት። የተጠመዘዘ የብረት ቱቦ ሲያጋጥም የፍሪጅ መዳብ ቱቦ መተካት አደገኛ ነው፤ በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል። የመዳብና የኒኬል ቅይጥ የሆነው የፍሬን ቱቦ ግን ጥሩ ነው፣ በእጅም ይታጠፋል።

ሸራ፦ ማስለጠፍ ወይስ አዲስ?

ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር የደረሰ ሸራ ይቀየር። ማስለጠፍ ወይም በሪቬት ማስመታት የከፋ ሥራ አይደለም፣ ሁለት ነገር ከተጠበቀ። የሚለጠፈው ሸራ ማጣበቂያው በክላምፕ ተይዞ በሙቀት መብሰል አለበት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ሙጫ በቁልቁለት ይለቃል። በሪቬት የሚመታው ደግሞ የሪቬቱ ራስ ወደ ውስጥ ጠልቆ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ ጥቂት እንደሠራ ታምቡሩን ማረስ ይጀምራል።

ታምቡሩን ቶርኖ ማስመታት ሲመጣ ልኬት ይጠይቁ። የ230 ሚሊ ሜትሩ ታምቡር ከተመታ በኋላ ከ231 ማለፍ የለበትም። ከዚያ ሲያልፍ ይሳሳል፣ ሲግልም ይለጠጣል። በተሰፋ ታምቡር ላይ መደበኛ ሸራ ሲገባ ደግሞ የሚነካው በመሐሉ ብቻ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍሬኑ ደካማ ይሆናል። በ0.5 ሚሊ ሜትር የወፈረ ሸራ የሚመረተው ለዚሁ ነው። ካልተገኘ ሸራውን በታምቡሩ ቅስት ልክ ማስሞረድ ይቻላል።

የኋላው ሸራ ዘይት ጠጥቶ ከተገኘ መጀመሪያ ያሽትቱት። የካምቢዮ ዘይት የከበደ የድኝ ሽታ አለው፤ የመጣው ከአክስሉ ኦይል ሲል (ዘይት ማገጃ ጎማ) ነው። የፍሬን ዘይት ከሆነ ከሲሊንደሩ ነው። የካምቢዮ ዘይት ምንጩ ሳይዘጋ አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብን ውኃ ውስጥ መጣል ነው። የጠጣውን ሸራ በቤንዚን አጥቦ ወይም በእሳት ለብልቦ መመለስም አይሠራም፤ ሲሞቅ ዘይቱ እንደገና ይወጣል።

አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በኮምፕሬሰር አያስነፉ። በውኃ አርጥበው በጨርቅ ይጥረጉና ጨርቁን በላስቲክ ቋጥረው ይጣሉ። ይህንን በየጋራዡ ላሉት ወጣት ረዳቶች ጭምር መንገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ በላይ አቧራውን የሚተነፍሱት እነሱ ናቸው።

የኋላ ታምቡሩን የያዘው ዳዶ 36 ቁጥር ሲሆን የሚፈታው መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ ነው። ሲመለስ ወደ 300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ 30 ኪሎ እንደማንጠልጠል ነው። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚቆልፈው ሽቦ) ቀዳዳ ካልገጠመ ይበልጥ ያጥብቁት እንጂ ወደ ኋላ አያላሉት። ላልቶ የተነዳ ታምቡር ጥርሱ ይበላና አንድ ቀን አክስሉ ብቻውን ይዞራል። ፊት ላይ ደግሞ የግራው ጎማ ዳዶ በተቃራኒው የሚፈታ መሆኑን ያስታውሱ፤ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድም በዚያው በኩል ስለሚያልፍ ክዳኑን ከመንቀልዎ በፊት ጫፉ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ያውጡ።

ባለአንድ መስመር ወይስ ባለሁለት?

በባለአንድ መስመር ማስተር አንድ ቱቦ ሲፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ባለሁለት መስመሩ ግን ከፊት ቢፈስ የኋላውን፣ ከኋላ ቢፈስ የፊቱን ያተርፋል። ከኦሪጅናሉ ለመውጣት ካሰቡ ከዲስክ ይልቅ ቅድሚያውን ለዚህ እንሰጣለን፤ የሕይወት ጉዳይ ነውና።

ሥራው ይሄ ነው፦ ባለሁለት መስመር ማስተር፣ ሁለት ክፍል ያለው የዘይት መያዣ፣ የፊቱንና የኋላውን የሚለይ የብረት ቱቦ ዝርጋታ፣ ለፍሬን መብራትም ሁለት ማብሪያ። የተለመደው ባለሁለት መስመር ማስተር ውስጡ 19.05 ሚሊ ሜትር ነው። ቀድሞ የነበረው 17.46 ከሆነ ፔዳሉ ትንሽ ይከብዳል፣ ምቱ ግን ያጥራል። ጉድለት አይደለም፤ በሁለት ቀን እግር ይለምደዋል።

በዚህ ለውጥ ላይ ትልቁ ጥንቃቄ ከፔዳሉ የሚመጣው መግፊያ ዘንግ ነው። ዘንጉና ፒስተኑ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር አለበት፤ ፔዳሉ ላይ ሲታይ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ባዶ ጨዋታ ይሆናል። ክፍተቱ ከጠፋ ማስተሩ ውስጥ ያለችው ትንሿ የመመለሻ ቀዳዳ እንደተዘጋች ትቀራለች። ዘይቱ ሲሞቅና ሲሰፋ መሄጃ ያጣል፣ ሸራው ታምቡሩን እየነካ ያግላል፣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ራሱን በራሱ ያቆማል። ሲበርድ ደግሞ ደህና ይሆናል፤ ስለዚህ ጋራዥ ሲደርስ ምንም የለበትም ይባላል።

ከዘይት መያዣው ወደ ማስተሩ የሚወርደው ቱቦ የፍሬን መሆን አለበት። የነዳጅ ቱቦ ይመሳሰላል፣ ነገር ግን የፍሬን ዘይት እያሟሟው ጥቁር ዝቃጭ ያወርዳል፤ ዝቃጩም መጨረሻው ያችን ትንሽ ቀዳዳ መድፈን ነው።

ታምቡር ወይስ ዲስክ?

የዲስክ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉም ይወርዳል፤ ዲስክ ሲግል ወደ ሸራው ይጠጋል። በክረምት ታምቡር ውስጥ የገባ ውኃ የመጀመሪያውን እርግጫ ያደክማል፤ ዲስክ ውኃውን አሽቀንጥሮ ይጥላል። ማስተካከልም አይፈልግም። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ለ1500 ሞዴል የፊት ዲስክ መስጠቱ ሐሳቡ ለቮልስ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

ታዲያ ለምን አንቸኩልም? ቮልስ ቀላል መኪና ነው፤ ሞተሩም ከኋላ ስለሆነ የፊት ጎማ ላይ የሚወርደው ክብደት ሌላ መኪና ላይ ካለው ያንሳል። ልኩ የተጠበቀ፣ ንጹሕ ሸራ ያለውና በትክክል የተስተካከለ ታምቡር በከተማ ፍጥነት ጎማውን ያለ ችግር ይቆልፋል። ጎማ ከተቆለፈ በኋላ ዲስክ የሚጨምረው ነገር የለም። «ዲስክ ከገባ በኋላ ሌላ መኪና ሆነ» የሚባለው ብዙ ጊዜ አሮጌውን ሲሊንደር፣ ያበጠውን ቱቦና የጠቆረውን ዘይት አብሮ በማውጣቱ ነው፤ ያው ሥራ በታምቡሩ ላይ ቢሠራ ልዩነቱ ይጠብ ነበር።

ዲስክ የሚገባው ተጭኖ ረጅም ቁልቁለት ለሚያዘወትር ወይም ጉልበቱ የጨመረ ሞተር ለገጠመ ሰው ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል፤ እዚያ ላይ የታምቡር መጋል በመጽሐፍ የሚነበብ ሳይሆን በአፍንጫ የሚሸተት ነገር ነው። በታምቡር የሚወርድ ሰው ከላይ ከጫፉ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ይያዝ፤ ፍሬኑንም ጫን አድርጎ ይልቀቅ እንጂ እግሩን አያሳርፍበት።

ዲስክ ከመረጡ፣ ኪቱ ለኪንግ ፒን ወይም ለቦል ጆይንት መሆኑን፣ የብሎን አቀማመጡም (ባለአራቱ 130፣ ባለአምስቱ 205 ሚሊ ሜትር) ከቸርኬዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ። የታምቡር ማስተር ጥቂት ግፊት በመስመሩ ውስጥ የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ በዲስኩ መስመር ላይ ከቀረ ሸራው ሁልጊዜ ዲስኩን ይልሳል። ለዲስክ የተሠራ ማስተር አብሮ ይግዙ። ኪቱ የየትኛውን መኪና ካሊፐር (ዲስኩን የሚቆነጥጠው መያዣ) እና ሸራ እንደሚጠቀም ሻጩ ካልነገረዎት አይግዙት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሸራ ሲያልቅ በምን ስም ሊጠይቁ ነው? የኋላውን ታምቡር ይተዉት። የእጅ ፍሬኑ በታምቡር ላይ ጠንካራና ቀላል ነው።

ዘይት

ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ደረቅ ሳለ ቢያንስ በ205 ዲግሪ፣ ዶት 4 በ230 ይፈላል። እርጥበት ሲጠጡ 140ና 155 ይሆናሉ። ሁለቱ ስለሚቀላቀሉና የዋጋቸው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ዶት 4 ይምረጡ፤ በየሁለት ዓመቱም ይቀይሩት። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይደባለቅም። ዶት 5.1 ግን ሲሊኮን አይደለም። ቁጥሩን አንብቦ መግዛት ነው። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት በስህተት ከተጨመረ መስመሩን ማጠብ አይበቃም፤ ጎሚኒና የጎማ ቱቦ በሙሉ ይወጣል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወዲያው በብዙ ውኃ ይታጠብ።

ማስተንፈስና ማስተካከል

የትኛውንም ቢመርጡ መጨረሻው እዚህ ነው። የታምቡር ፍሬን ከመተንፈሱ በፊት ሸራው ይስተካከል፤ ሸራው ርቆ ሳለ አየር ማውጣት ከንቱ ድካም ነው። በየጎማው ሁለት ባለጥርስ ማስተካከያ አለ፤ በቀድሞው ሞዴል በታምቡሩ ቀዳዳ፣ በኋለኛው ከጀርባ በኩል በካቻቢቴ ይዞራሉ። አንዱን ጎማው እስኪይዝ ያዙሩ፣ ፔዳሉን አንዴ ጠንክረው ይርገጡ፣ ከዚያ ጎማው በነፃ እስኪዞር ሦስት አራት ጥርስ ይመልሱ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ከዚያ ከማስተሩ ከሚርቀው ይጀምሩ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ግማሽ ሊትር ለማስተንፈስ ይበቃል፤ አሮጌውን ጠርጎ ለማውጣት አንድ ሊትር ይያዙ። መያዣው እንዳይጎድል አንድ ሰው ይጠብቀው። አሮጌው ማስተር ከቀረ የሚረግጠው ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ እንዳያወርድ ይንገሩት፤ ከሥሩ አንድ ጣውላ ማስቀመጥ ይሻላል። ለዓመታት ፒስተን ያልደረሰበት የሲሊንደሩ ጫፍ ዝገት አለው፤ ደህናው ጎሚኒ እዚያ ሲደርስ ይቦጨቃል፤ ማስተሩም በማግስቱ መስመጥ ይጀምራል።

የእጅ ፍሬኑ የሚጠበቀው ሸራው ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው፤ አራተኛው ጥርስ ላይ የኋላ ጎማዎቹ በእጅ የማይዞሩ መሆን አለባቸው። ሜዳ ላይ በዝግታ ይሞክሩት፤ ለመጀመሪያው 200 ኪሎ ሜትርም ድንገተኛ እርግጫ ያስወግዱ። አዲስ ሸራ ታምቡሩ ላይ ሲለማመድ ጥቂት ስለሚበላ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናውን እንደገና አንስተው ስምንቱንም ማስተካከያ ይዙሩባቸው፤ ከየታምቡሩ ጀርባ ጣትዎን ሰድደውም እርጥበት መኖር አለመኖሩን ይዳስሱ።